ራስን መቻል ወይስ ለብቻ መብላት?

«የራስህን አምርተህ የራስህን ብላ» የሚለው ምክር ከማንም አፍ ቢወጣ ለጆሮ ደስ ይላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ምክሩ ከቤት ወግ አልፎ የመንግሥት መፈክር ሆኗል። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ማሩ ከደጃችን ይምጣ ተብሏል። በአዲስ አበባም በየግቢው በጆንያና በአሮጌ ጎማ ውስጥ ጎመንና ሰላጣ ሲበቅል እናያለን። መልካም ነው። ይሁንና መልካም ሐሳብ ሁሉ ሲነገር እንደሚያምረው ሲሠራ ላያምር ይችላል። ስለዚህ ይህን ምክር እስቲ በእንጦጦ ሚዛን እንመዝነው።

ለምን በእንጦጦ? በዚህች ከተማ ታሪክ አካባቢን ብቻ ተማምኖ መኖር መጀመሪያ የተፈተነው እዚያ ስለሆነ ነው። ምኒልክ ከተማቸውን በተራራው አናት ላይ ባደረጉ ጊዜ፣ ሕዝቡ ማገዶውንም የቤት መሥሪያውንም የሚያገኘው ከዙሪያው ደን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጥዱ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ያው ዕጣ ደረሳትና፣ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ከተማይቱን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ስሙን ልብ በሉ፦ ባሕር ዛፍ! ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ የእንጦጦ መለያ አድርገን የምናየው ዛፍ ራሱ እንግዳ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው ከየካ ሽቅብ ወጥቶ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ጎጆ ቢቀልስና «ከዚህ ከበቀለው በቀር አልቀምስም» ብሎ ቢምል ምን ይበላ ይሆን? ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ ከዚያም የሚበልጥ ቦታ አለው። ብርዱ ለገብስ፣ ለባቄላ፣ ለአተር፣ ለጎመንና ለድንች ይስማማል። ስለዚህ ሰውዬው ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎና የባቄላ ንፍሮ አያጣም። ጤፍ ግን ያንን ብርድ አይወደውም። በርበሬው ከማረቆ፣ ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ፣ ጨው ከአፋር፣ ቡናው ከጅማ ወይም ከሲዳማ ካልመጣለት ማዕዱ ጎዶሎ ነው። ድንቹም ቢሆን ወደ ሀገራችን የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመናዊው ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። በርበሬና በቆሎም አሜሪካ ከተባለው ምድር የመጡ ናቸው። «የሀገር ቤት ምግብ» የምንለው ማዕድ ከአንድ ጓሮ የወጣ ሆኖ አያውቅም። በአህያና በግመል፣ በገበያና በመተማመን የተሰበሰበ ነው።

እዚህ ላይ የሩቁን ሁሉ ልናወድስ አይደለም። የኛ ስሕተት ሌላ ነው፤ ልንጠብቀው የሚገባንን ለቀን፣ ልንለቀው የምንችለውን ይዘን እንፎክራለን። ማስረጃው ወጡ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ኑግ የትውልድ ሀገሩ ኢትዮጵያ ነው። አያቶቻችን አስጨምቀው ይበሉት ነበር። ዛሬ ከምንሸጠው ኑግ ከፊሉ አሜሪካ ደርሶ የወፍ ቀለብ ይሆናል። ሰሊጣችንም ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን አንዱ ሆኖ ኖሯል። በአንጻሩ የከተማው ድሃ ድስት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ በሚመጣ የፓልም ዘይት ሲቁላላ ኖረ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዘይትና የስንዴ ዋጋ ምን ያህል እንዳሻቀበ የማያስታውስ የለም። በጆንያ የተተከለችው ሰላጣ ያን ጊዜ ማንንም አላዳነችም። የሚያድነው በየአውራጃው የሚሠራ የኑግ መጭመቂያ ነበር። ስንዴው የሀገር ውስጥ ነው ስንልም ማዳበሪያው ለዓመታት በጅቡቲ ወደብ በኩል እየተገዛ መግባቱን አንርሳ።

ሁለተኛው ስሕተት ቅርብ የሆነውን ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን ነው። ከእንጦጦ የሚነሡት ወንዞች ሽቅብ ላይ ሳሉ የጠሩ ናቸው። ቀበና ከተማውን አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ ግን የቤቱን ፍሳሽ፣ የጋራዡን ዘይት ይጠጣል። ወደ አቃቂ ሲወርድ ደግሞ የፋብሪካው ዝቃጭ ይጨመርበታል። በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ቆስጣ ወደ ገበያችን ይመጣል፤ ተመራማሪዎችም በአቃቂ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። እኛ ሙስሊሞች ሥጋው ሐላል መሆኑን ሳናጣራ አንገዛም። ደግ አደረግን። ነገር ግን ምግብ ሐላል ብቻ ሳይሆን ጦይብ፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ እንዲሆንም ታዘናል። ለመሆኑ ከመካከላችን ጎመን ሻጯን «በምን ውሃ የለማ ነው?» ብሎ የጠየቀ ማን ነው?

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። «በራሳችን ጤፍ፣ በራሳችን ምጣድ» ስንል ከምጣዱ ሥር ያለውን እሳት ማን እንዳመጣው አንጠይቅም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረው የእንጦጦ ሴቶች በጀርባቸው ባወረዱት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከጥበቃ እየተደበቁ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። ለራሳቸው ቤት የተረፋቸው የዕለት ጉርስ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የተራራው መልክ ተለውጧል፤ በብዙ ቤትም የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ራስን መቻል መሬት ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል። ግቢ ላለው ምክር የሆነው ቃል በአንዲት ክፍል ለሚኖር ተከራይ ወቀሳ ይሆንበታል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችን እናት «ዶሮ ለምን አታረቢም?» ማለት ምክር አይደለም።

እንግዲህ ጎመኑን እንንቀለው? በጭራሽ! ጓሮ ያለው ይትከል። ዶሮ ማርባት የሚችል ያርባ። በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ክብር አለው። ነገር ግን ራስን መቻልን በቤት አጥር አንለካው። አንድ ቤት ብቻውን አይችልም፤ አንድ ሰፈር ግን ብዙ ይችላል። ግቢ ያለው መሬቱን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ ገንዘብ ያለው ዘሩን አምጥቶ በጋራ ቢያለማ የተከራዩም ልጅ እንቁላል ይበላል። የሰፈር ሰዎች ተደራጅተው ኑግ በኩንታል ገዝተው ቢያስጨምቁ ከባሕር ማዶ ዘይት ግማሽ መንገድ ይላቀቃሉ። የወንዙን ውሃ ማን እንደሚያቆሽሸው አብረው ቢጠይቁ ደግሞ ጎመኑ ሳይመርዛቸው ይበላሉ። ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ጎረቤትን ማሰብ የተማርነው ነገር ነው። ያ ትምህርት ለጓሮውም ይሠራል።

ውድ አንባቢያን! እንጦጦ ያስተማረን የሩቁን መጥላት ወይም የቅርቡን ማምለክ አይደለም። ያስተማረን የምንበላው ነገር ከየት እንደመጣ፣ በምን ውሃ እንደለማና በማን ጀርባ እንደተጫነ መጠየቅን ነው። ይህን ሳይጠይቅ «ራሴን ችያለሁ» የሚል ሰው የቻለው ራሱን ሳይሆን ጎረቤቱን መርሳት ነው።