ጥልቀቱ ያልተጻፈ ዓሣ

«ዘረመል ማንበብ እንዲህ በቀለለበት ዘመን የዓሣ ቅርፊት መቁጠርና ጢም መለካት ምን ይጠቅማል?» ሲል አንድ አዲስ ተማሪ ጠየቀኝ። መልሱ ያለው ጣና ሐይቅ ላይ ነው።

ባርበስ ከሚባሉት የጣና ትናንሽ ዓሦች አንዱን፣ ሁሚሊስን፣ የእንስሳት ተመራማሪው ቡሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ተቀምጦ ሰየመው። ሌላው ትንሽ ባርበስ፣ ታናፔላጂየስ፣ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተገለጸው በ2000 ነው። ሁሚሊስ ዳር ዳሩን ይዞ ከወለሉ ይለቅማል፤ ታናፔላጂየስ መሐል ሐይቅ ላይ ዙፕላንክተን የሚባሉትን ደቂቅ ተንሳፋፊ እንስሳት ሲያሳድድ ይውላል። ሁለቱ በአንድ ማሰሮ ፎርማሊን ውስጥ ከገቡ፣ የተያዙበት ቦታም ካልተጻፈ፣ ልዩነታቸው በቀላሉ ይሰወራል።

ዘረመሉስ? የሚቶኮንድሪያ ዘረመላቸው ሲነጻጸር እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። አይደንቀኝም። ጣና ከ16 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ደለሉ ይመሰክራል፤ ይህ ዘመን ምግብና ቦታ ለመለያየት ይበቃል፣ በዘረመል ርቆ ለመሄድ ግን አጭር ነው። በዚያ ዘረመል ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን አንድ ብሎ ይዘጋቸዋል።

ዘረመልን አልንቅም። የአፍሪካን ትናንሽ ባርበሶች ከአውሮፓው ባርበስ ለይቶ ኢንተሮሚየስ ወደተባለው ጂነስ ለመመለስ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ትናንሾቹ ወደ 50 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ ትልልቆቹ የጣና ባርበሶች ወደ 150 አላቸው። በዝምድና ጥያቄ ላይ እሱን የሚስተካከል የለም። ዝርያውን ለመለየት ግን ዓሣው የት እንደዋለና ምን እንደበላ ማወቅ ግድ ነው።

በአንድ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ «ጣና» ከሚል ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈባቸው ማሰሮዎች አይቼ ተበሳጭቻለሁ። ደንገል ታንኳ ላይ ያደጉ አንድ አባት ግን ዓሣው የተያዘው ከደንገሉ ሥር ይሁን ከመሐል ውሃ፣ እጃቸው ላይ ገልበጥ አድርገው አይተው ይነግሩኝ ነበር። ያደግሁት በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው፤ በልጅነቴ ሁሉንም «ትንንሽ ዓሣ» ብለን እናልፋቸው ነበር። ይህ ዓሣ የመለየት ሙያ ያደግሁበትን ውሃ እንደ አዲስ አሳይቶኛል፤ ለዚህም እወደዋለሁ።

እናንተ ናሙና የምትሰበስቡ ወጣቶች፣ ዓሣው ገና እየተንፈራገጠ ቀለሙን፣ የውሃውን ጥልቀት፣ ሰዓቱንና የመረቡን ዓይን ስፋት መዝግቡ። ዘረመሉ ከተቀመጠ ናሙና ነገም ይነበባል፤ ያልተጻፈ ጥልቀት ግን ተመልሶ አይገኝም።