«ወራጅ አለ!» መተሃራ ላይ

ኧረ በናታችሁ፣ መተሃራን በመኪና መስኮት እያያችሁ ብቻ አትለፏት! ከአዳማ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሬዳዋና የሐረር መንገደኛ ግን ወለንጪቲን ሲያልፍ ሙቀቱ ይጥለውና ዓይኑን ይከድናል። ሲነቃ አዋሽ ደርሷል። ያመለጠውን ቢያውቅ ኖሮ ገና ድሮ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህ ነበር።

ከየት ልጀምር? ከፈንታሌ ተራራ ይሁን። ከተማዋ 1,000 ሜትር ከፍታ እንኳ በማይሞላ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ በስተሰሜን 2,000 ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ያያታል። አናቱ ሹል አይደለም፤ የጥንት ፍንዳታ የተወው ሰፊ ጎድጓዳ ነው። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ጎኑ ተሰንጥቆ የፈሰሰው እሳት ደግሞ ረግቶ፣ ጠቁሮ፣ እስከ አስፋልቱ ዳር ተከምሯል። አሁንም ቢሆን አልተኛም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የጀመረው መንቀጥቀጥ የአካባቢውን ብዙ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል።

ሐይቁስ! በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል! የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ሲያስለቅሰን ይሄኛው ዝም ብሎ ይሰፋ ነበር። ከመስኖ የሰረገ ውሃ ነው የሚል አለ፤ የለም፣ ከከርሰ ምድር የሚመጣ ነው የሚልም አለ። ለከረዩ አርብቶ አደር ግን ይሄ የሚደነቅ ነገር አይደለም። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የዋጠውም ግጦሹን ነው።

እና የድሮው ባቡር በዚህ ሁሉ መሃል ያልፍ ነበር! ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት፣ በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ 784 ኪሎ ሜትር መስመር! በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ፤ በዚያች ጠባብ ሀዲድ ስንት ጨው፣ ስንት ቡና፣ ስንት ኮንትሮባንድ አለፈ! የፈረንሳይ ኩባንያ የዘረጋው በደረቅ ምድር ላይ ነበር፤ ሐይቁ ራሱ ተስቦ መጣበት። ድንጋይ ተሞልቶ ሀዲዱ ከፍ አለ፣ ውሃውም ተከትሎ ከፍ አለ። እንዲህ ያለ እልህ የት ታይቷል?

አዲሱን ባቡር እየነቀፍኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ባይኖር በ2018 የተከፈተው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደብ ይርቀው ነበር። ነገር ግን አሮጌው ባቡር በቆመበት ሁሉ ከተማ ያበቅል ነበር። መተሃራም መጀመሪያ ጣቢያ ሆነች፤ በ1960ዎቹ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ስኳር ፋብሪካ ይዞ ሲመጣ ከከምባታና ከሐድያ ድረስ ሠራተኛ ጎረፈባት። ዛሬ ገበያዋ ላይ ቆማችሁ የምትሰሙትን ቋንቋ ብዛት መቁጠር ያቅታል!

ስለዚህ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በማለዳ ከአዳማ ተነሱ። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ፈንታሌ የሚታየው በዚያ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ሲጀምር እንቅልፍ የወሰደውን ጎረቤታችሁን ቀስቅሱት። ከተማዋ ስትደርሱ ውረዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሱ። ጊዜ ከተረፋችሁ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እዚያው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው፤ ቀንዳም ሳላ በሜዳው ላይ ቆሞ ታገኛላችሁ!