የፊልም ሙዚቃ፤ አጃቢ ወይስ ተራኪ?

ሲኒማ ከሥዕል፣ ከቴአትር፣ ከሥነ ጽሑፍና ከሙዚቃ የተውጣጣ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው። ከእነዚህ መካከል በሐያስያን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ የቆየው ግን ሙዚቃው ነው። ስለ አንድ ፊልም ሲጻፍ ስለ ተዋንያኑ ብቃት፣ ስለ አዘጋጁ ችሎታና ስለ ካሜራው አያያዝ ብዙ ይባላል፤ ስለ ሙዚቃው የሚሰጠው አስተያየት ግን «ከታሪኩ ጋር ይስማማል» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አይዘልም። ይህ አነጋገር ምንም የማያስረዳ ከመሆኑም በላይ አንድ የተሳሳተ እምነት አዝሏል። እርሱም የፊልም ሙዚቃ የምስሉ አገልጋይ ነው፤ ከምስሉ ጋር ከተስማማ ሥራውን ፈጽሟል የሚለው ነው። ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1960 የዘለቀውንና የሲኒማ ወርቃማ ዘመን እየተባለ የሚጠራውን ወቅት የኦርኬስትራ ድርሰቶች መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ አልባ ፊልሞች ይታዩ በነበረበት ጊዜ ሙዚቃው የሚሰማው በአዳራሹ ውስጥ ከሚገኝ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከምስል ጋር አብሮ መቀረጽ ሲጀምር ግን በርካታ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰሮች ሙዚቃን ከንግግር ጋር ማስኬድ ፈሩ። የሙዚቃ መሣሪያው በምስሉ ላይ ካልታየ ተመልካቹ «ይህ ድምፅ ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበር። ይህን ሥጋት ካስወገዱት ሥራዎች መካከል በ1933 የወጣው «ኪንግ ኮንግ» በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። የሙዚቃው ደራሲ በ1888 በቪየና የተወለደው ማክስ ስታይነር ነበር።

በዚህ ፊልም ውስጥ በመጀመሪያ ሊስተዋል የሚገባው ሙዚቃው የሚገባበት ጊዜ ነው። ከመክፈቻው ጽሑፍ በኋላ፣ ታሪኩ በኒውዮርክ ከተማ ሲካሄድ፣ ሥራ አጥ ሴቶች ለምጽዋት ምግብ ተሰልፈው ሲታዩ፣ መርከቡም ጉዞ ሲጀምር ኦርኬስትራው ዝም ይላል። ድምፁ የሚነሣው መርከቡ በጉም ተሸፍኖ ወደማይታወቀው ደሴት ሲቃረብ ነው፤ ያውም በዝግታና በዝቅታ። ሙዚቃው በዕለት ተዕለቱ ኑሮና በቅዠት ዓለም መካከል ወሰን አበጀ ማለት ነው። ግዙፉ ጎሪላ በእውነቱ ከብረት አጽምና ከጥንቸል ቆዳ የተሠራ ትንሽ አሻንጉሊት ነበር። ተመልካቹ ግን በፍጻሜው ያዝንለታል። በሦስት ኖታዎች ወደ ታች የሚወርደው የፍጡሩ መለያ ዜማ በደሴቱ ላይ ሲያስፈራ ቆይቶ፣ በሕንፃው አናት ላይ የእንጉርጉሮ ጠባይ ይይዛል። አሻንጉሊቱ ሊያሳይ ያልቻለውን ሕማም ኦርኬስትራው ተናገረው። ከዚህ የሚገኘው መመዘኛ ግልጽ ነው፤ የፊልም ሙዚቃ ዋጋ የሚለካው ምስሉ ያሳየውን በመድገሙ ሳይሆን ምስሉ የጎደለውን በመስጠቱ ነው።

ይሁን እንጂ ስታይነር ራሱ ይህን መመዘኛ ሁልጊዜ አላሟላም። በ1935 በወጣው «ዘ ኢንፎርመር» ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ እርምጃ ሳይቀር በኦርኬስትራው ይደገማል። በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ደግሞ ፊልሙ አራት ሰዓት ያህል ሲሆን ሙዚቃው ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። እንዲህ ያለው ሙላት የተመልካቹን ጆሮ እንደሚያደነዝዝ አይካድም። የሙዚቃ ደራሲው ሐንስ አይስለርና ፈላስፋው ቴዎዶር አዶርኖ ባዘጋጁት፣ በ1947 በታተመ መጽሐፍ የሰነዘሩት ነቀፋም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መለያ ዜማ በገጸ ባሕርይ ላይ እንደሚለጠፍ የዕቃ ምልክት ሆኗል፤ ሙዚቃው እንዳይደመጥ ሆኖ ይደረሳል፤ የተመልካቹንም አእምሮ ያስተኛል ብለው ነበር። አይስለር ይህን የተናገረው ከሩቅ ሆኖ አልነበረም። እርሱም በሆሊውድ ሠርቷል፤ በ1948 በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት አሜሪካን ለቆ ለመውጣት ተገዷል። ነቀፋው ለብዙኃኑ የስቱዲዮ ምርት እውነት ነው። ለምርጦቹ ሥራዎች ግን የጅምላ ፍርድ ይሆናል።

ለዚህ አንደኛው ማስረጃ የኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ሥራ ነው። ኮርንጎልድ በ1897 ተወልዶ በቪየና ያደገ፣ በ1920 «የሞተችው ከተማ» የተሰኘውን ኦፔራ በ23 ዓመቱ ለመድረክ ያበቃ ደራሲ ነበር። በ1938 መጀመሪያ «ዘ አድቬንቸርስ ኦቭ ሮቢን ሁድ» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ እንዲደርስ ከቪየና ወደ ሆሊውድ ተጠራ። ፊልሙን እንዳየም ውጊያ የበዛበት ሥራ ለእርሱ የሚሆን አለመሆኑን ገልጾ እምቢ አለ፤ ዘግይቶ ግን ተቀበለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ወደ አገሩ የሚመለስበት በር ተዘጋ። ከእርሱ በፊት በ1934 ፍራንዝ ዋክስማን በበርሊን ጎዳና በናዚዎች ተደብድቦ ከጀርመን ተሰዷል። እንግዲህ የሆሊውድ ሙዚቃ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ኦፔራ ድምፅ ተዋሰ እየተባለ ሲነቀፍ አንድ ነገር ይዘነጋል። ኮርንጎልድ ያንን ቋንቋ ከማንም አልተዋሰውም፤ አፉን የፈታበት ነበር። ሥራዎቹ በትውልድ አህጉሩ ሲታገዱ፣ ቋንቋው ከቲኬት ገዢው ሕዝብ ፊት በሲኒማ አዳራሽ ተጠለለ። ፊልሙንም ዘፈን እንደሌለው ኦፔራ ቆጥሮ ስለ ደረሰለት፣ በጫካ የሸፈቱት ሰዎች ተራ የጀብዱ ገጸ ባሕርያት መሆናቸው ቀርቶ ክብርና ደስታ ያላቸው ማኅበር ሆነው ይሰማሉ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሆሊውድ ውጭ የሚገኝ ነው። በዚያው በ1938 በሶቪየት ኅብረት ሰርጌይ አይዘንስታይን ያዘጋጀው «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ለሕዝብ ቀረበ፤ የሙዚቃው ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ ነበር። ሁለቱ ጥበበኞች የሠሩበት መንገድ ለጊዜው እንግዳ ነበር። ለአንዳንዱ ትዕይንት ፕሮኮፊየቭ የተቀረጸውን ምስል አይቶ ዜማውን ይደርሳል፤ ለሌላው ደግሞ አይዘንስታይን አስቀድሞ የተደረሰውን ሙዚቃ ይዞ ምስሉን በዚያ ልክ ይቆርጣል። በበረዶው ሐይቅ ላይ የሚካሄደው ታላቅ ጦርነት የተቀረጸው በሞቃት ወራት፣ በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ነው። ብርዱም፣ የጠላትን መምጣት የሚጠባበቀው ሠራዊት ጭንቀትም ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሱት በአብዛኛው በክር መሣሪያዎቹ ድምፅ ነው። የወራሪዎቹን ጭካኔ ለማሰማት ፕሮኮፊየቭ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን ከማይክሮፎኑ አጠገብ አስነፍቶ ድምፃቸው ሆን ተብሎ እንዲሰነጠቅ አድርጓል። የዘመኑ መሐንዲሶች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩትን ነገር ለትረካ አዋለው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከዘመኑ ማብቂያ የተገኘው፣ በ1960 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ነው። የኒውዮርኩ ተወላጅ በርናርድ ኸርማን ለዚህ ፊልም ነሐሱንና ከበሮውን ሁሉ ትቶ የክር መሣሪያዎችን ብቻ መረጠ፤ ለጥቁርና ነጭ ምስል ጥቁርና ነጭ ድምፅ ይገባዋል የሚል እምነት ነበረውና። ገንዘብ ሰርቃ የምትሸሸው ሴት መኪና ስትነዳ በሚታይበት ትዕይንት ምስሉ ራሱን ችሎ የሚለው ጥቂት ነው፤ መሪ የያዘች ሴት፣ መንገድ፣ ዝናብ ብቻ። ሙዚቃው ቢወገድ ማንም ሰው ወደ ዘመዱ ቤት የሚጓዝበት ተራ መንገድ በሆነ ነበር። ፍርሃቱ ያለው በቫዮሊኖቹ ውስጥ ነው። በገላ መታጠቢያው ውስጥ የሚፈጸመውን ግድያ ሂችኮክ ያለ ሙዚቃ ለማቅረብ አስቦ ነበር፤ ኸርማን ግን ደርሶ አሰማው፤ አዘጋጁም ሐሳቡን ለወጠ። የምስሉ ባለቤት ራሱ ምስሉ ብቻውን እንደማይበቃ መቀበሉ ነበር።

እነዚህን ሥራዎች ማድነቅ የተፈጠሩበትን ሁኔታ ለመሸፈን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ስቱዲዮው ፋብሪካ ነበር። አንዱ ይደርሳል፤ ሌላው ለኦርኬስትራ ያቀናብራል፤ የድርሰቱ ሕጋዊ ባለቤት ግን ኩባንያው ነው። በ1936 ኮርንጎልድ ለደረሰው «አንቶኒ አድቨርስ» የተሰጠውን ኦስካር የተቀበለው የስቱዲዮው የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ሽልማቱ ለደራሲው ለራሱ የተሰጠው በ1938 በ«ሮቢን ሁድ» ነው። ከ1958ቱ የሙዚቀኞች የሥራ ማቆም አድማ ወዲህ ስቱዲዮዎቹ በቋሚነት ቀጥረዋቸው የነበሩት ኦርኬስትራዎች ተበተኑ። በ1970 አካባቢ ደግሞ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው ኩባንያ በመጋዘኑ ያከማቸውን የኦርኬስትራ ኖታ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አስጣለው። ለአስርተ ዓመታት የተደከመበት የጥበብ ሥራ ከቆሻሻ ጋር ተቀበረ። «አጃቢ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በመጨረሻ የሚያደርሰው እዚህ ነው፤ አጃቢ ሥራው ካለቀ ማን ያስቀምጠዋል?

ጥፋቱን ለማረም የተነሡም አልጠፉም። በ1972 መሪው ቻርልስ ገርሃርት የኮርንጎልድን የፊልም ሙዚቃ በሙሉ ኦርኬስትራ በሸክላ አስቀርጾ አዲስ አድማጭ አስገኘለት። እንግሊዛዊው መሪ ጆን ዊልሰንም የጠፉትን ኖታዎች ከፊልሞቹ ድምፅ በጆሮው እያዳመጠና የተረፉ አጫጭር ረቂቆችን እያገናዘበ ከጻፈ በኋላ፣ በ2009 በለንደን በሕዝብ ፊት አሰማቸው።

ለመምህሩም ሆነ ለጥበበኛው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ወደ አዳራሽ መግባት ነው። ሙዚቃው መቼ ገባ? ምስሉ ያልነበረውን ምን ሰጠ? ዝም ማለት በሚገባው ጊዜስ ዝም ብሏል? እነዚህን ጥያቄዎች የማይመልስ የፊልም ሙዚቃ፣ ኦርኬስትራው መቶ ሰው ቢይዝም አጃቢ ነው። የሚመልሰው ግን ከጸሐፊው፣ ከአዘጋጁና ከተዋናዩ እኩል ታሪኩን የተረከ ስለ ሆነ፣ ሒስም የሚገባው ከእነርሱ እኩል ነው።