በመንገድ ላይ ያለው ዕቃ

አራት ተማሪዎች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ቸርቻሪ ነው፣ ሁለተኛዋ ጅምላ ሻጭ፣ ሦስተኛው አከፋፋይ፣ የመጨረሻዋ ፋብሪካ። መነጋገር ክልክል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው የትዕዛዝ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 12 ሳጥን ቢራ ይዘው ይጀምራሉ። ደንበኛው መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ 4 ሳጥን ይገዛል፤ በ5ኛው ሳምንት 8 ይጠይቃል፤ ከዚያ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ከ8 ንቅንቅ አይልም። ይህን የሚያየው ግን ቸርቻሪው ብቻ ነው። የታዘዘ ቢራ የሚደርሰው ሳምንታት ቆይቶ ነው። መጋዘን የተቀመጠ ሳጥን በሳምንት ግማሽ ዶላር ያስከፍላል፤ ተጠይቆ የታጣ አንድ ዶላር።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ መንጫጫት ይጀምራል። ቸርቻሪው ያዘዘው ሲዘገይበት ሌላ ያዝዛል፤ እሱም ሲዘገይ ሌላ ይደርባል። ጅምላ ሻጯ ገበያው የደራ ይመስላትና እሷም ከራሷ ጨምራ ታዛለች። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ትዕዛዙ ደንበኛው ከሚገዛው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ መጋዘኑ ይጨናነቃል፤ ትዕዛዙ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በመጨረሻ መምህሩ ለፋብሪካዋ ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «የደንበኛውን ፍላጎት ሳዪልኝ» ይላታል። የሚሳለው አብዛኛውን ጊዜ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እውነተኛው ከ4 ወደ 8 የወጣች አንዲት ደረጃ ብቻ ናት።

«የቢራ ጨዋታ» የተወለደው በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ በጄይ ፎሬስተርና በባልደረቦቹ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ነው። ጆን ስተርማን በ1989 ውጤቱን ሲያሳትም የተጫዋቾቹ አማካይ ወጪ ሊደረስበት ይቻል ከነበረው 10 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ሒሳብ አጥተው አይደለም። መደርደሪያው ላይ ያለውን ይቆጥራሉ፤ ያዘዙትንና ገና መንገድ ላይ ያለውን ግን ከሞላ ጎደል ይረሱታል። ተማሪ ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም ይህንኑ በፓምፐርስ አይቶታል። ሕፃናት ዳይፐር የሚጨርሱት በተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሳለ፣ ከአከፋፋዮች የሚመጣው ትዕዛዝ ክፉኛ ይዋዥቅ ነበር።

የክምችት አስተዳደር ኮርስን ሰፊ ጊዜ የሚወስደው፣ ፈተናም የሚበዛበት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ቀመር። የማዘዣንና የማስቀመጫን ወጪ አመዛዝኖ በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ ይነግራል። ተማሪ ይወደዋል፤ ቁጥሩን ከትቶ ካሬ ሩት አውጥቶ ይገላገላል። መምህርም አይጠላውም፤ ለማረም ይመቻልና። ነገር ግን ቀመሩ 500 ይዘዝ ያለውን ዕቃ አንድ ነጋዴ በስሕተት 1,000 ቢያዝ፣ የእነዚህ ሁለት ወጪዎች ድምር የሚጨምረው 25 በመቶ ነው። እጥፍ ስሕተት በሩብ ወጪ ይታለፋል ማለት ነው። መንገድ ላይ ያለውን መርሳት 10 እጥፍ በሚያስከፍልበት ትምህርት፣ ከነጥብ በኋላ ላሉ አኃዞች ማርክ መቀነስ ጉልበትን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይረዝማል። የመማሪያ መጽሐፉ «ሊድ ታይም 14 ቀን» ብሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ የሚያስተምር ሰው ይህን መስመር ሰርዞ ተማሪዎቹን አንድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቢያስመርጣቸው ይሻላል። ፕሮፎርማው፣ የውጭ ምንዛሪውና ኤልሲው፣ መርከቡ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ ከባድ መኪናው ወይም ባቡሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ሲፈጥን ስንት ቀን፣ ሲዘገይ ስንት ቀን። ተማሪ አማካዩን ብቻ ጽፎ መምጣት ይቀናዋል። አንዱ አስመጪ ከ85 እስከ 95 ቀን፣ ሌላው ከ45 እስከ 135 ቀን ቢፈጅባቸው አማካያቸው እኩል 90 ነው፤ የመጠባበቂያ ክምችታቸው ግን በፍጹም እኩል ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ትምህርት ከጤና ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርት አድርጎ ይጠይቃል፤ የክምችቱ ጣሪያ የ4 ወር፣ ወለሉ የ2 ወር ፍጆታ ነው። መምህሩ ለክፍሉ የአሞክሳሲሊን ቢን ካርድ አዘጋጅቶ ይሰጣል እንበል። በሁለት ወር ውስጥ በሞዴል 19 ገቢ 300 እሽግ፣ በሞዴል 22 ወጪ 240፣ ከወጪ ቀሪ 60። ፈጣኑ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ በወር 120፣ ለ4 ወር 480፣ 60 ሲቀነስ 420 ይታዘዝ።

ቀኖቹን ያየ የለም። ካርዱ ላይ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ቀሪው ዜሮ ነው። 240ው ያለቀው በቀረው አንድ ወር ነው፤ በባዶው ወር የመጣው በሽተኛ መድኃኒቱን አጥቶ ሲመለስ የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ ወርሃዊው ፍላጎት 240፣ ጣሪያው 960፣ ትዕዛዙ 900 ይሆናል። ክፍሉ በዚህ ሲስማማ መምህሩ አንድ ወረቀት ይጨምራል፦ ካለፈው ትዕዛዝ 200 እሽግ ገና አልደረሰም። እንግዲህ 700። ከአንድ ካርድ ሦስት መልስ የወጣው፣ ሁለቱ ወሳኝ ነገሮች መደርደሪያው ላይ ስለሌሉ ነው።

ትንበያ ላይም የአገሩን አቆጣጠር ማወቅ ግድ ይላል። ሶፍትዌሩ «አምና በዚህ ወር ስንት ተሸጠ?» ብሎ ይነሣል። ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዋልላል፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀናትም አብረውት ይሄዳሉ። አምና በጾም የዋለውን ሳምንት ከዘንድሮ የፋሲካ ሳምንት ጋር አነጻጽሮ ቅቤና እንቁላል የሚያዝ ሱፐርማርኬት ባሕረ ሐሳብ ቢማር ያተርፋል።

በሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ተማሪዎችን ይዞ ወደ ቆጠራ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድም ነው። አቧራ ለብሰው፣ ካርዱንና መደርደሪያውን እያመሳከሩ ይውላሉ። ሁለተኛው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አይሰጣቸውም፦ ታዝዞ ያልገባውን መቁጠር። እሱ አንድ ቦታ አይገኝም። ግዥ ክፍል የትዕዛዙን ፋይል ይይዛል፤ ፋይናንስ ክፍያውን ያውቃል፤ ጭነቱ የት እንደደረሰ የሚናገረው ትራንዚተሩ ነው፤ ግምጃ ቤቱ ዕቃው በር ላይ እስኪቆም ድረስ አይሰማም። ተማሪው ሦስቱን ቢሮ ዞሮ፣ የማይገጥመውን ቁጥር እየጠየቀ፣ የመንገድ ላይ ዕቃዎችን ዝርዝር በአንድ ገጽ ያውጣ። ከኮርሱ ትልቁን ማርክ ይህ ገጽ ቢይዝ ይገባዋል፤ የሃሪስ ቀመር 10 ነጥብ ይበቃዋል።