ስለ ውርጭ አገር ስያሜዎች፦ ጅብራ፣ ጓሳና ቀይ ቀበሮ

ስለ ከፍተኛ ተራሮች ሥነ ምሕዳር በአማርኛ የሚዘጋጁ ጽሑፎች እየበረከቱ መምጣታቸው የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ዘንድ አገሬው ያወጣውን ስም ትቶ የውጭውን ቃል በቃል የመመለስ ዝንባሌ ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስት ምሳሌዎችን አንሥተን አስተያየታችንን እንሰጣለን።

አንደኛው «የአልፓይን ቀጠና» የሚለው ነው። አልፕስ የአውሮፓ ተራሮች ስም ሲሆን፣ የእኛ ገበሬ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ከከፈለ ቆይቷል። በተለምዶ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን የሚያመለክተው ውርጭ፣ ቦታውን በዋና ጠባዩ፣ ማለት ሌሊት በሚወርደው አመዳይ ይጠራዋል። ቃሉ የብርዱንም የቦታውንም ስም ደርቦ መያዙ ያደናግራል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ «የውርጭ ቀጠና» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው የዕፀዋት ስም ነው። ጅብራን «ግዙፍ ሎቤሊያ» ማለት ከ1538 እስከ 1616 እ.ኤ.አ. ለኖረው የፍላንደርስ ዕፀዋት አዋቂ ለማትያስ ደ ሎቤል መታሰቢያ ማቆም እንጂ ተክሉን ለተማሪው ማሳየት አይደለም። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ፣ በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ ተክል ነው፤ ተራራውን ያላየ ከተሜ እንኳ «እንደ ጅብራ ተገተረ» ሲል መልኩን ይናገራል። እንዲሁም ጓሳን «ሣር» ብሎ ማለፍ፣ የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደውን፣ አይጦችም የሚጠለሉበትን፣ ከሌላው ሣር ሁሉ ጋር መደባለቅ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ቀይ ቀበሮን «የኢትዮጵያ ተኩላ» የማለት ነገር ነው። አሳቡ መሠረት የለውም አንልም፤ የዘር ጥናት እንስሳው ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ወገን እንደሚቀርብ አሳይቷል። ነገር ግን በእንግሊዝኛም ቢሆን «የስሜን ቀበሮ» ሲባል ቆይቶ ነው ኋላ ተኩላ የተባለው። የሌላው ቋንቋ ስያሜ በተለወጠ ቁጥር የእኛም ይለወጥ ማለት አይገባም። የባሌ ኦሮሞም እንስሳውን «ጀዳላ ፈርዳ»፣ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይለዋል። ወገኑን መለየት ካኒስ ሲሜንሲስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ስያሜው የሚያስከትለው መዘዝ አለ። በአማርኛ ተኩላ የበግ ጠላት ነው፤ እረኛ ስሙን ሲሰማ ዱላውን ያነሣል። ቀይ ቀበሮ ግን አልፎ አልፎ ግልገል ቢነጥቅም፣ በአብዛኛው የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ በሚገመትበት፣ የእብድ ውሻ በሽታም በሚፈጃቸው በዚህ ዘመን፣ በስም ምክንያት ሌላ ጠላት ልናፈራላቸው አይገባም።

ስለሆነም የቃላት አዘጋጆች የባዕዱን መዝገበ ቃላት ከመግለጣቸው በፊት፣ በተራራው ላይ የሚኖረውን ገበሬና እረኛ አስቀድመው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።