በአውስትራልያ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ከወረርሽኙ ወዲህ ስለ ተደረገው ድጋፍ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ፤ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ተማሪ ያጡት የአውስትራልያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ከ2020 ጀምሮ ከመንግሥት ያገኙት ድጋፍ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር፤ ዶላሩም የአውስትራልያ ዶላር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።) ስለ ድጋፍ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ስንት ሚሊዮን ተሰጠ በማለት ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ገንዘቡ ለማን ተሰጠ፤ መቼስ ተሰጠ የሚለው ነው ብለን እናምናለን።

ከአዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ሲድኒና ስለ ሜልቦርን ትምህርት ቤቶች መከራከር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመካከላችን ባሕር ተሻግሮ ለመማር የሚያስብ ሁሉ በመጀመሪያ የሚገጥመው የቋንቋ ፈተና ነው። በየአገሩ የሚታወቀው አይልትስ የተባለው ፈተና ከባለቤቶቹ አንዱ አይዲፒ የተባለ የአውስትራልያ ድርጅት ነው። ስለዚህ በዚያ በር ላይ የሚወሰነው ነገር ከእኛ እጅግ የራቀ አይደለም።

አስቀድሞ የዘርፉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአውስትራልያ ይህ ትምህርት ኤሊኮስ በሚል ስም ይታወቃል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ተማሪው በሳምንት ከ20 ሰዓት ያላነሰ ፊት ለፊት እንዲማር፤ አንድ መምህርም በአንድ ክፍል ከ18 ተማሪ በላይ እንዳይይዝ ያዝዛል። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት በ2019 በዚህ ትምህርት የተመዘገበው ቁጥር ከ150 ሺህ በላይ ነበር። ተማሪዎቹ ከቻይናና ከጃፓን፣ ከብራዚልና ከኮሎምቢያ፣ ከታይላንድና ከሌላም አገር የሚመጡ ናቸው። የሚበዙት የሚቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ጎተራ የለውም ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ በሩ ቢዘጋበት ለ3 ዓመት የመዘገባቸው ተማሪዎች ለጊዜው ይቀሩለታል፤ የ20 ሳምንት ተማሪ የሚያስተምረው ግን በግማሽ ዓመት ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን መንግሥት ከሁለቱ አንዱን መበደሉ አይቀርም፤ ሚዛኑም የተሠራው ለትልቁ ስለ ሆነ የሚበደለው ትንሹ ነው።

አውስትራልያ ዜጋዋ ወይም ቋሚ ነዋሪዋ ላልሆነ ሰው በርዋን የዘጋችው በማርች 20 ቀን 2020 ነው። ከ10 ቀን በኋላ ጆብኪፐር የተባለው የደመወዝ ድጎማ ታወጀ፤ ይኸውም ገቢው በ30 በመቶ የቀነሰበት አሠሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛው በየ2 ሳምንቱ 1500 ዶላር እንዲያገኝ የሚያደርግ ነበር፤ በኋላ መጠኑ ተቀንሷል። ይህን ልናቃልለው አንፈልግም፤ ታላቅ እርዳታ ነበር። ዳሩ ግን ድጎማው በማርች 28 ቀን 2021 ሲቆም በሩ ገና እንደ ተዘጋ ነበር። የውጭ አገር ተማሪዎች እንደ ልብ መግባት የጀመሩት በዲሴምበር 15 ቀን 2021 ነው። በመካከሉ ከ8 ወር በላይ አለ። ምግብ ቤቱና ፀጉር አስተካካዩ ድጎማው ሲቋረጥባቸው ደንበኛቸው እዚያው በሰፈራቸው ነበር። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ደንበኛ ግን በቦጎታና በቶኪዮ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት ይጠባበቃል። በሩን የዘጋው መንግሥት፤ ድጎማውን ያቆመውም ያው መንግሥት ነው፤ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የማንም ሒሳብ ዐዋቂ ሥራ አይደለም።

ሌላም ድጋፍ ነበር። በአፕሪል 2020 ለከፍተኛ ትምህርትና ለውጭ አገር ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ከምዝገባና ከቁጥጥር ክፍያ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀርላቸው ተደረገ። በአፕሪል 2021 ደግሞ 53.6 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። የመጀመሪያው ላሚቱ ከነጠፈች በኋላ የግጦሽ ግብር እንደ መማር ያለ ነው፤ የማይጠላ ነገር ነው፤ ወተት ግን አያመጣም። ከሁለተኛው ውስጥ 9.4 ሚሊዮኑ ትምህርት ቤቶች ትምህርታቸውን በኢንተርኔትና በውጭ አገር ለመስጠት እንዲዘጋጁበት እስከ 150 ሺህ ዶላር ድረስ በስጦታ የሚታደል ነበር። አሳቡ ለዩኒቨርሲቲ ሊያገለግል ይችላል። ወደ ሲድኒ እንግሊዝኛ ለመማር የሚሄድ ወጣት ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ስለ ሰዋስው ብቻ አይደለም። ሰዋስው በአገሩም አለ። የሚከፍለው ከትምህርት በኋላ በቡና ቤት ውስጥ ትእዛዝ እየተቀበለ ለሚሰማው እንግሊዝኛ፣ በአሳዳሪው ቤተሰብ የእራት ገበታ ላይ ተሳስቶ ለሚታረመው ዓረፍተ ነገር፣ በአውቶቡስ ላይ ለሚገጥመው ወሬ ነው። ይህን ቆርጦ በመስኮተ ብርሃን እልክለታለሁ ማለት ዕቃውን ሳያውቁ መነገድ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ለማን ተሰጠ ወደሚለው ዋና ጥያቄ እንምጣ። ጆብኪፐር ጊዜያዊ ቪዛ ያላቸውን አብዛኞቹን ሠራተኞች፤ እንዲሁም በአንድ አሠሪ ዘንድ 12 ወር ያልሞላቸውን ቋሚ ያልሆኑ ሠራተኞች አይነካም ነበር። በቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ በየወቅቱ የሚቀጠሩ መምህራን ብዙ ስለ ሆኑ፤ የመጀመሪያው ገደብ ተማሪውን፤ ሁለተኛው ደግሞ መምህሩን ከውጭ አስቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስኮት ሞሪሰን በአፕሪል 3 ቀን 2020 ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ራሳቸውን መርዳት የማይችሉ ጎብኚዎችና ተማሪዎች ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ መሆኑን አስታወቁ፤ ተማሪዎቹ ቪዛ ሲቀበሉ ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃ ገንዘብ እንዳላቸው አረጋግጠው ነበርና የሚል ምክንያትም ሰጡ። በሕግ ረገድ ቃሉ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን የቡና ቤቱ ሥራ የተቋረጠበትን፤ አውሮፕላን ያጣውንና የቤት ኪራይ የሚጠየቀውን ልጅ ሕግ ጠቅሶ ማሰናበት፤ በዚያው ዓመት ዘርፉን እንደግፋለን ከማለት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ሊገባን አልቻለም።

ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ሌሎች ናቸው። የቪክቶሪያ ክልል መንግሥት 45 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ለተቸገረ የውጭ አገር ተማሪ እስከ 1100 ዶላር ሰጠ። የሜልቦርን ከተማ ምክር ቤትም ተማሪዎች በኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ምግብ የሚገዙበትን የ200 ዶላር ኩፖን አደለ። የኩፖኑ ነገር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እኛ ግን ከሚሊዮኖቹ ይልቅ ነገሩን የተረዳው እርሱ ነው እንላለን። ጎመንና ዳቦ የገዛ ተማሪ በከተማው ይቆያል፤ በከተማው የቆየ ተማሪ በትምህርቱ ይቆያል።

አየርላንድን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እርስዋም ብዙ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ያሉባት፤ ተማሪዎቹም ከትምህርት ውጭ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው አገር ናት። በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ሁሉ በሳምንት 350 ዩሮ እንዲከፈል ሲወሰን፤ ሥራቸውን ያጡ የውጭ አገር ተማሪዎችም ተጨምረዋል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ጊዜው ሲያልቅ ተራዝሞላቸዋል። ይህ ገንዘብ በጀቱ ላይ የቋንቋ ትምህርት ድጋፍ ተብሎ አልተጻፈም፤ ለትምህርት ቤቶቹም በቀጥታ የገባ አይደለም። ሆኖም ተማሪው ኪራዩን ከፍሎ መቆየት ቻለ። ከዚህም በላይ፤ ወደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ሰው የሚመጣው በአብዛኛው ቀድሞት የሄደው ወንድሙ ወይም ጓደኛው በሚነግረው ወሬ ነው። በ2020 የጻፉት ተማሪዎች ከደብሊንና ከሜልቦርን ወደ ቤታቸው ምን እንደ ጻፉ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ቪዛው ክፍያ እንለፍ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ መንግሥት ተማሪዎችን ለመሳብ ቸኵሎ ነበር፤ በ2022 መጀመሪያ ለሁለት ወር ያህል ለደረሱት ተማሪዎች የቪዛውን ክፍያ መልሶላቸዋል፤ የሥራ ሰዓትም ገደቡን አንሥቶ ነበር። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በጁላይ 1 ቀን 2024 የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከ710 ዶላር ወደ 1600፤ በጁላይ 1 ቀን 2025 ደግሞ ወደ 2000 ከፍ አለ፤ ማመልከቻው ቢወድቅም ገንዘቡ አይመለስም። በጎብኚ ቪዛ መማር የሚቻለው እስከ 3 ወር ብቻ ስለ ሆነ፤ 20 ሳምንት ለመማር የሚፈልግ ሰው ይህን ክፍያ ማለፍ አይችልም። ሒሳቡን እንሥራው። 2000 ዶላር ለ20 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 100 ዶላር ነው። ለ3 ዓመት ዲግሪ ለሚመጣው ግን በሳምንት ወደ 13 ዶላር ብቻ ይደርስበታል። በጥቅሉ አንድ ዓይነት የሆነው ክፍያ አጭር ጊዜ ለሚማረው 8 እጥፍ ያህል የከበደ ነው። ትምህርት ቤቱ በ2021 በስጦታ ያገኘውን 150 ሺህ ዶላር፤ 75 ተማሪዎች ለቪዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ይተካከለዋል።

ለመንግሥት የሚከራከር ሰው የሚያቀርበው ምክንያት ቀላል አይደለም። ለመሥራት ብቻ ብለው በርካሽ ትምህርት የሚመዘገቡ እንዳሉ፤ ከአንድ ቪዛ ወደ ሌላ እየዘለሉ ዓመታት የሚቆዩ እንዳሉ እሙን ነው፤ የቤት ኪራይም በከተሞቹ ተወድዷል። በዲሴምበር 2023 የወጣው የስደት ፖሊሲ፤ በማርች 2024 የተማሪ ቪዛ የቋንቋ መመዘኛ በአይልትስ ከ5.5 ወደ 6.0 ከፍ ማለቱ፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ የተማሪ ቪዛ እንዳይጠይቅ መከልከሉ ይህን ለማረም የታሰቡ ናቸው። እኛም ሁሉንም አንነቅፍም። የምንነቅፈው፤ መንግሥት ልዩነቱን እያወቀ እንዳላወቀ መሆኑን ነው። በኦገስት 2024 ለ2025 ዓመት የአዲስ ተማሪዎችን ቁጥር 270 ሺህ ላይ እንዲወሰን ሲያቅድ፤ እንግሊዝኛ ብቻ ለመማር የሚመጡትን ከቁጥሩ ውጭ አድርጓቸዋል። እነዚህ ከዲግሪ ተማሪ የተለዩ ናቸው ማለቱ ነው። እንግዲያስ በቁጥሩ ጊዜ የተለዩት በክፍያው ጊዜ ስለ ምን አንድ ሆኑ? የዘርፉ ማኅበር ኢንግሊሽ አውስትራልያ ለአጭር ጊዜ ተማሪዎች ክፍያው እንዲቀነስ መጠየቁ ተገቢ ነው እንላለን፤ በተለይ ክፍያው በትምህርቱ ሳምንት ቁጥር ቢወሰን፤ በ100 ፋንታ እንደ ዲግሪው ተማሪ በሳምንት 13 ዶላር ቢሆን፤ የ20 ሳምንቱ ተማሪ 260 ዶላር ይከፍል ነበር።

ከዶላሩ ሌላ አንድ ነገር ቀርቷል። ለዲግሪ የሚሄድ ሰው ዩኒቨርሲቲውን መርጦ ነውና ክፍያው ቢከብደውም ይታገሣል። ለ20 ሳምንት እንግሊዝኛ የሚፈልገው የቶኪዮ የቢሮ ሠራተኛ ግን ምርጫው ብዙ ነው፤ ማልታ አለች፤ አየርላንድ አለች፤ ጃፓናውያንና ኮሪያውያን በብዛት የሚሄዱባት የፊሊፒንስዋ ሴቡም ቅርብ ናት። እርሱ አቤቱታ አያቀርብም፤ ጋዜጣ ላይም አይጽፍም፤ ሌላ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል።