ዐለት የሚወጡ ሰዎችና የጉዞ መጽሐፋቸው

የጉዞ መጽሐፍ ከድርሰት ዓይነቶች ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታይ፥ ሲጽፉት ግን እጅግ የሚያስቸግር ነው። ልብ ወለድ የሚደርስ ሰው አገሩንም ሰዉንም ከራሱ አሳብ ያወጣል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መዛግብትን ይጠይቃል። የጉዞ ጸሐፊ ግን ከአሳቡ ሳያወጣ ማሳየት፥ መዝገብም ሳይኖረው እውነቱን መናገር ግዴታው ነው። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፤ አንደኛው «ምን አየህ?» ሲሆን ሁለተኛው «ማን አሳየህ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ የጉዞ መጻሕፍት ለመጀመሪያው ጥያቄ በሰፊው ሲመልሱ ሁለተኛውን በዝምታ ያልፉታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ለምርመራችን የመረጥነውም ዐለት የሚወጡ ሰዎች በደረቅ የገደልና የሸለቆ አገር ተጉዘው የሚጽፉትን የመጽሐፍ ዓይነት ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው አንባቢዎቻችን ጥቂት ማብራራት ይገባናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ዐለት መውጣት ራሱን የቻለ ስፖርት ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ተጓዡ ወደ ዐለቱ የሚሄደው በጫፉ ላይ ጉዳይ ኖሮት አይደለም፤ ጉዳዩ መውጣቱ ራሱ ነው። ከዚህም የተነሣ ስለ ዐለት መውጣት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ከቀደሙት አንዱ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር እ. ኤ. አ. በ1871 ያሳተመው ነው። ዊምፐር እ. ኤ. አ. በ1865 ማተርሆርን ከሚባለው ተራራ ጫፍ ከስድስት ጓዶቹ ጋር ደርሶ ሲወርድ ገመድ ተበጥሶ አራቱ ሞተዋል። መጽሐፉን ለመመዘን ስንነሣ ግን ከአደጋው ይልቅ የሚበልጥብን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጸሐፊው የመሪዎቹን ስም መጻፉ ነው። በአደጋው የሞተው መሪ ሚሼል ክሮ በመጽሐፉ ውስጥ ስምና ጠባይ ያለው ሰው ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ይህ የድርሰት ዓይነት ገና ከጅምሩ «ማን አሳየህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይችል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አሜሪካዊቷ ተራራ ወጪ ማይካ ቡርሃርት ከጓደኞቿ ጋር ሆና በትግራይ የገርዓልታን የአሸዋ ድንጋይ ዐለቶች ለመውጣት ያደረገችውን ጉዞ በመጽሐፍ ጽፋ እ. ኤ. አ. በ2008 አሳትማለች። ፎቶግራፎቹን ያነሣው ጌብ ሮግል ነው። የመጽሐፉ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ቀጥ ብላ የቆመች ኢትዮጵያ» ማለት ሲሆን፥ በአፍሪካ ቀንድ ወደሚቻለው ነገር መውጣትን የሚያመለክት ንኡስ ርእስም አለው። በባዕድ አገር ጸሐፊዎች ዘንድ የኢትዮጵያ ስም ከድርቅና ከረኃብ ጋር ብቻ ተያይዞ ሲጠራ በኖረበት ዘመን፥ አንዲት ጸሐፊ «የሚቻል» የሚለውን ቃል ለርእሷ መምረጧ የሚያስመሰግናት ነው። ሆኖም በርእሱ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ቀጥ ብሎ የቆመውን የሚያየው ከዐለቱ ሥር የቆመ ዓይን ነው። የአገሩ ሰው ግን ያንኑ ዐለት ከቀን ወደ ቀን የሚያየው እንደ መንገድ፥ እንደ ግጦሽ አዋሳኝ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያንም ነው። በአንዱ ዐለት ላይ ሁለት ዓይኖች ያርፋሉ፤ የሒስ ሥራም አንደኛው ዓይን ሌላውን እንዳይጋርደው መጠበቅ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ገርዓልታ የሚወስደውን መንገድ መከተል ይበጃል። መንገዱ የሚነሣው ከዚሁ ከየካ ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል የሚወጣው የደሴ መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት በስተግራው ትቶ ለገጣፎን፥ ሰንዳፋንና ደብረ ብርሃንን ያልፋል፤ በጣርማ በርም በኢጣልያ ወረራ ዘመን በተቆፈረው የዋሻ መንገድ ሾልኮ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከዚያም በኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣል፤ በወልድያና በቆቦ ወደ አላማጣ ሜዳ ይወርዳል፤ እንደገና በማይጨውና በአምባ አላጌ አቀበት ወጥቶ መቀሌ ይደርሳል። ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ከመቀሌ ወዲያ የውቅሮን ውቅር ቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ ሐውዜን ሲታጠፍ፥ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች ከደረቁ ሜዳ ላይ ብድግ ብለው ይታያሉ። እንግዲህ ተጓዡ ዐለቱን በእጁ ከመንካቱ በፊት ብርዱን፥ ሐሩሩን፥ አቀበቱንና ቁልቁለቱን ደጋግሞ አይቷል። ነገር ግን በብዙዎቹ የተራራ ወጪዎች መጻሕፍት ይህን የመሰለው መንገድ በሁለት መስመር ያልቃል፤ ምዕራፉ ሁሉ ለዐለቱ ይሰጣል። አባይን የምናውቀው ከተሻገርነው በኋላ ሳይሆን ወደ በረሃው ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ሲገርፈው ነው፤ መንገዱን የዘለለ የጉዞ መጽሐፍም የዐለቱን ትርጉም አብሮ ይዘልላል።

በገርዓልታ ከሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአወጣጡ የታወቀው አቡነ ይምዓታ ጎሕ ነው። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፥ በዐለቱ ላይ በብዙ ዘመን የተፈተጉትን የእጅና የእግር መያዣዎች እየዳሰሰ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከጥልቅ ገደል አፋፍ በምትገኝ ጠባብ መተላለፊያ አልፎ በጉልላቶቹ የቅዱሳን ሥዕል ወዳለበት ዋሻ ይገባል። ካህናቱ በዚህ መንገድ ለቅዳሴ ይመላለሱበታል፤ እናቶችም ሕፃናትን ለክርስትና ታቅፈው ይወጡበታል። በደብረ ዳሞም ወደ አምባው የሚወጣው ሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተስቦ ነው፤ ወደዚያ የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት፥ ወደ አምባውም ዘንዶ እንዳወጣቸው ትውፊቱ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ዐለት ይወጣሉ፤ ነገር ግን ራሳቸውን ተራራ ወጪ ብለው አይጠሩም። ለስፖርተኛው መውጣቱ ፍጻሜ ሲሆን ለእነርሱ መውጣቱ ደጃፍ ነው፤ ጉዳያቸው ያለው ከደጃፉ ወዲያ ነው።

ከዚህ ላይ «መጀመሪያ ወጣ» የሚለውን አነጋገር መመርመር ያስፈልጋል። ራስ ዳሸንን እ. ኤ. አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች መውጣታቸው በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ከአውሮፓውያን መጀመሪያዎቹ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ከጫፉ በታች ከብት የሚያግዱ የደጋ መንደሮች አሉ፤ ከእረኞቹ መካከል ከእነርሱ በፊት የወጣ አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? እረኛው ያልጻፈው ስላልወጣ ሳይሆን መውጣቱ ለወሬ የሚበቃ ነገር ሆኖ ስላልታየው ሊሆን ይችላል። በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ እንደሚባለው ሁሉ፥ ከመሪው የተማረውን ሸሽጎ በጉልበቱ ብቻ የሚመካ መጽሐፍም የትውልዱን ግማሽ ይደብቃል።

በዚህ ነገር ዓለምን ያስተማረው የኤቨረስት ታሪክ ነው። እ. ኤ. አ. ግንቦት 29 ቀን 1953 ኤድመንድ ሂለሪና ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ ከዓለም ሁሉ በሚበልጠው ተራራ ጫፍ በቆሙ ጊዜ፥ ጋዜጠኞች «ቀድሞ የረገጠው ማን ነው?» እያሉ አስጨነቋቸው። ሁለቱም አብረን ደረስን ብለው ቆዩ። ቴንዚንግ ራሱ መጻፍ ባይችልም ታሪኩን ለአሜሪካዊው ደራሲ ለጄምስ ራምዚ ኡልማን ነግሮ እ. ኤ. አ. በ1955 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በዚያም ውስጥ ሂለሪ በጥቂት እርምጃ እንደ ቀደመው በግልጽ ተናገረ። በእኛ አስተያየት ይህ መጽሐፍ በተራራ ድርሰት ታሪክ ውስጥ ታላቅ ቀን ነው። ሸክም ተሸካሚና መሪ ተብሎ ይቈጠር የነበረው ሰው በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ የተናገረውም ለራሱ ክብር የሚያዳላ ሳይሆን እውነቱን ነበር።

ወደ አገራችን የመጡትን የጥንት ተጓዦች ብንመለከትም ይኸው ሚዛን ያገለግለናል። እ. ኤ. አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፉ እ. ኤ. አ. በ1540 ታትሞለታል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ፥ የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ቃሉ ካየው ነገር እንደሚያንስ ማወቁ የታማኝ ጸሐፊ ምልክት ነው። በሌላ በኩል እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ እ. ኤ. አ. በ1759 «ራስላስ»ን ደረሰ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያ ድርሰት ተራራው እስር ቤት ነው፤ ልዑሉ የሚወጣበት መንገድ አጥቶ በመጨረሻ ከትንንሽ አራዊት ጉድጓድ ተምሮ ተራራውን ሸንቁሮ ያመልጣል። ድርሰቱ ጥልቅ የፍልስፍና ሥራ መሆኑን እናደንቃለን። ይሁን እንጂ በተራራው ላይ የሚኖር፥ መውጫውንም የሚያውቅ አንድ እረኛ በውስጡ ቢገኝ ኖሮ ልዑሉ ያን ያህል ባልደከመ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የባዕዳን ብቻ ነውን? አይደለም። የእኛ ጸሐፊዎች ስለ ጉዞ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው ወደ ውጭ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሩቁን አገር በብርቱ አስተያየት አሳይቶናል። የቅርቡን ገደል ግን እንዲህ አድርጎ ያሳየን ማን ነው? ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ድኻ አይደለም፤ አምባ፥ ቋጥኝ፥ አፋፍ፥ ገመገም፥ ሸንተረር፥ ተረተር፥ ፈፋ እያለ የምድሩን መልክ ለይቶ ይጠራል። በጽሑፍ የጐደለን የእጅና የእግር ቃል ነው፤ ጣት የት እንደሚገባ፥ ክብደት ወዴት እንደሚያዘነብል፥ የሚፍረከረክ ድንጋይ ከመያዙ በፊት እንዴት እንደሚፈተን የሚናገረው ቃል። ይህ ቃል የለም ማለት አንችልም፤ በገርዓልታ መሪዎችና ዲያቆናት አፍ ውስጥ በትግርኛ ይነገራል፤ ወደ መጽሐፍ ግን አልገባም።

ይህን በጊዜው ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። በ2013 ዓ. ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ፥ ከላይ የቈጠርነውን መንገድ ቈርጦት ነበር፤ ብዙ ሕይወትም ጠፍቷል። ዐለት ጦርነትን አልፎ ይኖራል፤ በሰው አእምሮ ብቻ የተቀመጠ እውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የውጭው ተራራ ወጪ ተመልሶ ሲመጣ ጫፉን በስፍራው ያገኘዋል፤ የመንገዱን ትርጉም የሚነግረውን ሽማግሌ ግን ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ በትምህርት ቤቶቻችን ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ሥራውን ከአጠገባቸው ቢጀምሩ መልካም ነው እንላለን። በየካ ኮረብታ ላይ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከፊሉ ቢፈርስም የጥንት እጆችን ድካም ይመሰክራል። ከዚያም በላይ እንጦጦ አለ፤ ዋና ከተማችን ራሷ ከዚያ የወረደች ናት። በእንጦጦ አቀበት ለሩጫ ልምምድ የሚወጡትን አትሌቶች ሁሉም ያደንቃቸዋል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው በዚያው ቁልቁለት የወረዱትን ሴቶች ግን በድርሰት የምናገኛቸው ከስንት አንዴ ነው። እነርሱ የትኛው ድንጋይ በክረምት እንደሚያዳልጥ፥ የት ላይ ሸክም አሳርፎ መተንፈስ እንደሚቻል ያውቃሉ። ተማሪው ከእነርሱ አንዲቱን ጠይቆ የአንድ ቀን መንገዷን በሚገባ ቢጽፍ፥ ስለ ዐለት መውጣት ከብዙ የባዕድ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል።

የባዕድ ተራራ ወጪዎች መጻሕፍት ይነበቡ፤ ከእነርሱም ድፍረትን፥ ጥንቃቄንና የአገላለጽን ጥራት እንማር። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን ከማስቀመጣችን በፊት ያን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቀው። የገመዱን ጫፍ ከላይ ሆኖ የያዘው ሰው ስሙ ያልተጻፈበት መጽሐፍ፥ ጫፍ ላይ ቢደርስም ገና መንገድ ላይ ነው።